አዳም ዘበኛ ነበር

መጋቢት 5 ቀን 1995፣ ዓርብ

ዛሬም አቧራ። ሌሊቱን ሃቡብ ሲነፍስ አድሮ በሩ ሥር አሸዋ ቆልሎ ጠበቀኝ። ጠረግሁ። አትክልት አጠጣሁ። የኡስታዝ ሳላሕን መኪና አጠብሁ። "ቤተክርስቲያን ልሂድ" ስለው "ያላ፣ ለእኛም ጸልይ" አለኝ። ደግ አሠሪ ነው። ዓርብ ዓርብ በሩን ራሱ ይጠብቃል ማለት ይቻላል... ተኝቶም ቢሆን።

እዚህ ካርቱም ዋናው የቤተክርስቲያን ቀናችን ዓርብ ሆኗል። እሑድ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይህን ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

ስንመለስ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ከወይንሸት ጎን ቦታ ደረሰኝ። ሆን ብዬ ነው። ለራሴ ምን እዋሻለሁ? ከኛ በር ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው የምትሠራው። ማንሺያ ሰፈር ውስጥ የሷን ያህል ምላስ ያላት ሐበሻ የለችም። ዓርብ ዓርብ አርካዊት ሰፈር፣ ከጓደኛዋ ጋር ወደተከራዩት ቤት ትሄዳለች። ስንት ጊዜ ልናገር ልናገር ብዬ የተውኩትን ዛሬ ተነፈስኩት። ግን አጀማመሬ... "ለየብቻ ኪራይ መክፈል ምን ያደርጋል" አልኳት። እንደ ደላላ።

"ልታገባኝ ነው ወይስ ኪራይ ልትካፈለኝ?"

"ላገባሽ።"

ሃፍላው ሁለት ቦታ ቆሞ ተነሣ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች "እኔ ባሌን ገዳሪፍ ቀብሬያለሁ" አለች። "ወባ በሳምንት ወሰደብኝ። ሁለተኛ መቅበር አልችልም፣ በለጠ።"

ነፍስ ይማር አልኩ።

"አንተ መጽሐፍ ታነባለህ ይላሉ። እግዚአብሔር የሠራው ሁሉ መልካም ከነበረ ሞት ከየት መጣ? እሱን መልስልኝና ስለ ሌላው እንነጋገራለን።"

ጣቷን አስጮኸች። እዚህ ሃፍላ የሚቆመው በጣት ነው። ወረደች።

እምቢ አላለችም። አይደል? አላለችም።

መጋቢት 6

ይህ ምን ጥያቄ ነው? የሰንበት ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። አዳም በላ፣ ሞት መጣ። ዓርብ እነግራትና ሠርጉን እናስባለን።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ነገርኳት።

"አዳም በላ" አለች። "እሺ። ባሌ ምን በላ?"

እስክትወርድ ድረስ ስለ ሙቀቱ አወራን።

መጋቢት 15

ከቀትር በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ በሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የፍጥረትን ታሪክ እንደገና አነበብኩ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ? እንዴት ሳላየው ቀረሁ? እግዚአብሔር አዳምን አትክልቱ ውስጥ ለምን አኖረው ይላል? እንዲያበጀውና እንዲጠብቀው። እንዲጠብቀው! አዳም ዘበኛ ነበር። እዚህ "ገፊር" የሚሉን ዓይነት፤ ዘበኛም አትክልተኛም፣ በአንድ ደመወዝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ የመጀመሪያው ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ቆይ ግን... ዘበኛ ከነበረ እባቡ በየት ገባ? ተረኛው ማን ነበር? ሌላ ሰው የለም እኮ። ሔዋን ከእባቡ ጋር ቆማ ስታወራ እሱ የት ሄዶ ነው? አጠገቧ ቆሞ ዝም ካለማ የባሰ ነው። ኡስታዝ ሳላሕ እኔን እንዲህ ቢያገኘኝ ዕቃዬን እንኳ አያስይዘኝም።

ተናደድኩበት። የሁላችን አባት ነው፣ ግን ተናደድኩበት። አንድ በር መጠበቅ ያቅታል?

መጋቢት 17

አዳም ሆይ ይቅር በለኝ።

ጠዋት በሩን ከፍቼ ውጭ ውሃ ስረጭ ወይንሸት ዳቦ ይዛ አለፈች። "እንዴት አደርሽ" አልኳት። "እንዴት አደርክ" አለች። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለም። ግን እስክትታጠፍ ድረስ ዓይኔ ተከተላት። ዘወር ስል የሰፈር ፍየል ከኋላዬ ሾልካ ገብታ የእመቤቲቱን ጽጌረዳ እያኘከች ነው። ግንዱ ብቻ ነው የቀረው። በመጥረጊያ አባረርኳት፤ አፏ ላይ ቀይ አበባ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ዓይን አውጣ።

እመቤቲቱ ብቅ ብላ "ያ በለጠ..." ብላ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ጽጌረዳው ምን አጠፋ? ምንም። በሩን የከፈትኩ እኔ፣ የተበላ እሱ። ወይንሸትም የምትለው ይህን ነው። ባሌ ምን በላ? ምንም አልበላም። በሩ ግን ተከፍቶ ነበር... ከሱ በፊት፣ ከሁላችንም በፊት።

ሌላም ነገር አለ። ፍየሏ ከአትክልቱ አልበቀለችም። ኡስታዝ ሳላሕም አልተከላትም። በበር የገባች ናት። ሞትም እንደዚሁ ነው እንዴ? አልተተከለም። እግዚአብሔር አላዘዘውም። ገባ እንጂ። የገባ ደግሞ የቤቱ ባለቤት አይደለም፤ ይባረራል።

ይህ ደስ አለኝ። ሻዬ ላይ ሦስተኛ ስኳር ጨምሬ ጠጣሁ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ኑፋቄ እንዳይሆንብኝ ብዬ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ነገርኳቸው። ፍየሏ ጋ ሲደርሱ መስቀላቸውን ይዘው ሳቁ።

"ነገርህስ ደህና ነው" አሉ። "እግዚአብሔር ሞትን አልፈጠረም። ሰው ከሕይወት ፊቱን ሲያዞር የቀረለት ነው። ብቻ አዳምን በጥፊ አትምታው።"

"እሺ አባቴ።"

"ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትመራመረው ለማን ነው?"

"ለአንዲት እህት ነው።"

"እህት?" አሉ። ጺማቸው ሥር ፈገግታ አየሁ። "ባሏ የሞተባት እህት?"

አርካዊትም ማንሺያም ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ጉድ ነው።

ወይንሸት ዛሬ አልመጣችም። እንግዳ አለባቸው አሉ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሃፍላ ውስጥ የፍየሏን ነገር አወራኋት። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ አልቻለችም። ከፊት ያሉት ሱዳኖች ሁሉ ዞረው እስኪያዩን ሳቀች። ሳቋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ደስ ሲለኝ አፌ አይገታም። አዳምን፣ እባቡን፣ በሩን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አዳመጠችኝ። እውነቴን ነው፣ ከልቧ አዳመጠች።

"ጽጌረዳው አሁን አቆጥቁጧል?" አለች።

"አቆጥቁጧል።"

"የኔስ?"

ትንሣኤ አለ አልኳት። ይነሣል አልኳት።

"መቼ?"

አላውቅም አልኩ።

መውረጃዋ ሳይደርስ ጣቷን አስጮኸችና ወረደች። በዚያ ፀሐይ። በመስኮት ሳይ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ ትሄዳለች። አንጀቴን በላችው።

ለምን ዝም አልልም? ሳቃ ነበር እኮ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ሃፍላው ውስጥ የለችም። ቤተክርስቲያንም አላየኋት።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ሀኒፋ እዚህ በሩ ድረስ መጣች። የወሎ ልጆች ናቸው ሁለቱም፣ ከሐይቅ አካባቢ፤ አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም፣ ከአንድ አጥር ሥር ያደጉ። ሀኒፋን ሳያት "በቃ ተወኝ በይው" ተብላ የመጣች መሰለኝ።

"ታማለች?"

"ደህና ናት። ወላሂ አንተ ግን አታፍርም? ሴትዮዋን በፍየል ታስቃታለህ፣ በመቃብር ትሸኛታለህ?"

"ጠይቃኝ ነው እኮ።"

"ጠይቃህ ነው" አለች ሀኒፋ። "ገዳሪፍ ባሏን ስታስታምም አብሬያት ነበርኩ። ሰው ጢም ብሎ ነው የመጣው፤ ሁሉም ስለ ሞት አዋቂ። ከቀብር በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ የቀራት ጥያቄው ብቻ ነው።"

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

"ለፋሲካ ዶሮ የሚያርድልን ወንድ የለንም" አለች። "ሦስት ክርስቲያን ሴቶች ናቸው ግቢው ውስጥ፣ ሦስት ዶሮ። የዋዜማው ቅዳሜ ና። ቢላዋ ስለህ ና። ወሬ ግን ይዘህ እንዳትመጣ።"

"ወይንሸት ናት የላከችሽ?"

"ይህን እንድነግርህ አልተላክሁም" ብላ ሄደች።

ይህ ማለት... ልካታለች ማለት ነው? ልካታለች።

ሚያዝያ 9

ቢላዋ ስስል አንድ ነገር መጣብኝ። አትክልቱ ውስጥ አንበሳ ምን ይበላ ነበር? መጽሐፉ ለሰውም ለአውሬም የተሰጠው ለምለም ቅጠልና ፍሬ ነው ይላል። አንበሳ ሰላጣ ሲበላ አሰብኩት። ወይም ፉል። ይኼ ካርቱም ቢሆን ኖሮ ፉል ነው፣ ሌላ ምን ይበላል።

ታዲያ ጾም የምንለው... ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ገበታ መመለስ ነው ማለት ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ቅጣት ሲመስለኝ? ለወይንሸት ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር። ወሬ ይዘህ አትምጣ ተብያለሁ። አልናገርም።

ሚያዝያ 18፣ ቀዳም ስዑር

ውርደት። ቤተክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በቀትር አርካዊት ደረስኩ። አራት ዶሮ። ሦስቱ የክርስቲያኖቹ፣ አራተኛዋን ወይንሸት ለሀኒፋ ገዝታላታለች። እንደ ወሎ ወግ፤ ጓደኛ በፋሲካ ጦሙን አያድርም። የሀኒፋን ዶሮ የሚያርደው ታላቅ ወንድሟ ሳዲቅ ነው፣ ባለሦስት እግር ረክሻ ነጂው። እሱ ቢስሚላህ ብሎ ወደ መካ ዞሮ አረደ። እኔ በስመ አብ ብዬ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አረድኩ። ከካርቱም ሆነው ሲያዩት ብዙም አይራራቅም። ተሳሳቅን። ደህና ሰው ነው።

የሀኒፋ ዶሮ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ፣ የኛዎቹ ቆርቆሮው ውስጥ ሆነው የፈላ ውሃ ይጠብቃሉ። ንጹሕ ሥራ ነው። ሳዲቅ ሊጸልይ ሄደ። ያኔ ወይንሸት እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሽንኩርት ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ የፈላውን ውሃ ይዛ መጣች። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"መጣህ?" አለች።

"መጣሁ።"

"ጠፋህ እኮ።"

ጠፋህ አለችኝ! የጠፋችው እሷ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። እጄ ግን ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ቀና ስል አራቱም ዶሮዎች አንድ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ላባቸው ተነቅሎ፣ ራቁታቸውን ተቃቅፈው ተኝተዋል።

ሳዲቅ ተመለሰ። "የኛ የትኛዋ ናት?" አለ።

ሀኒፋ ከእግራቸው ለመለየት ሞከረች። ወይንሸት ከአንገታቸው ለመለየት ሞከረች። አራት ነጭ የእርሻ ዶሮ፣ አራት እህትማማች። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላም የክርስቲያን አይበላም። አገር ቤት እንደዚያ ነው፣ እዚህም ይዘነው መጥተናል። ስለዚህ አራቱም ለማንም አልሆኑም። ከሁለት ወር ጾም በኋላ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የቤቱ ባለቤት ሀጃ ዐለዊያ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ሀኒፋ አስረዳቻት። "ከላም ፋዲ" አለች፣ ባዶ ወሬ ነው እንደማለት። አራቱንም በትሪ አድርጋ፣ መርቃን፣ ወደ ቤቷ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጥብሱ ሽታ በአጥሩ አልፎ መጣ። እግዚኦ።

ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ልጠይቅም አልደፈርኩም።

አዳም ሆይ፣ ሁለተኛ ይቅርታ።

ሚያዝያ 19፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተነሥቷል። እኔም ትንሽ ተነሥቻለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ከቤተክርስቲያን ቀጥታ አርካዊት። ላለመሄድ አስቤ ነበር፣ ሀኒፋ ግን "ያላ፣ ጥፋተኛ ገበታ አይሸሽም" ብላ ሳዲቅን ከነረክሻው ልካብኛለች።

የዶሮ ወጡ ቁሌት ለካ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ቂቤው ገብቶበታል፣ እንቁላሉ ገብቶበታል፣ የጎደለው ዶሮው ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ ያለ ዶሮ። አጠገቡ አይብ፣ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ቲማቲም። ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ሁሉም እጁን ሰደደ። ርቦን ነበር።

ሀኒፋ ናት ያየችው። ጉርሻዋን ይዛ ቆም አለች። "ወይንሸት" አለች፣ "ከልጅነታችን ጀምሮ ፋሲካን ከአንድ ሳህን በልተን እናውቃለን?"

"የለም" አለች ወይንሸት። "ያንቺ ሁልጊዜ ለብቻ ነበር።"

አልናገርም ብዬ ነበር። አቃተኝ። "ዛሬ ገበታው ላይ የሞተ ነገር ስለሌለ ነው" አልኩ። "ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያ የመጀመሪያው አትክልት እንደዚህ ነበር መሰለኝ። ሁሉም ከአንድ ገበታ። ገበታውን ለሁለት የከፈለው ሞት ነው።"

ሁሉም አየኝ። ሳዲቅ "ይህ ሰው በረኛ ነው ወይስ ሼህ?" አለ። ሳቁ። ሀኒፋ አጎረሰችኝ፣ ዝም እንድል ይመስለኛል።

ወይንሸት አልሳቀችም። ትሪው ሲነሣ ዕቃ ለማጠብ ወደ ቧንቧው ወጣች፣ ተከተልኳት። ሳህን ታቀብለኛለች፣ አለቀልቃለሁ።

"ጥያቄዬን አልመለስክም" አለች።

"አልመለስኩም።"

"ባሌ ሲሞት ሰው ሁሉ መልስ ይዞ መጣ። ፈቃዱ ነው አሉኝ። ጊዜው ደርሶ ነው አሉኝ። አንድም 'መሆን አልነበረበትም' ያለኝ የለም።" ሳህኑን አዙራ አዙራ አጠበችው፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ። "አንተ ፍየል ይዘህ መጣህ። ሞት ባለቤት አይደለም፣ ሾልኮ የገባ ነው አልከኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ብርጭቆውን ደግሜ አለቀለቅሁት።

"ግን አሁንም እፈራለሁ፣ በለጠ።"

"እኔም ልቀብርሽ እችላለሁ እኮ" አልኳት። ምን ነካኝ? በፋሲካ!

ውሃ ረጨችኝ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀጥ ብላ አየችኝ። "እንዳልቀብርህ ብዬ በቁምህ ልጣህ እንዴ?" አለች።

እንባዬ መጣ። እሷም አለቀሰች። ሀኒፋ በመስኮት "ሳህኑን ሰበራችሁት?" ብላ ጮኸች።

አልሰበርንም።

ግንቦት 23

ትናንት ተጋባን። ዓርብ ነበር፣ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ አባ ራሳቸው ናቸው ቀኑን የመረጡት። በግ አረድን። ሳዲቅም ለነሱ ሌላ በግ አረደ፣ በሌላ ግቢ፣ በሌላ መንገድ ላይ። እኔን ቢላዋ አላስነኩኝም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

አርካዊት፣ ቤታችን። ከቀትር በኋላ ነው። ወይንሸት ተኝታለች። ታንኮራፋለች፤ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ትናንት ሥራ ላይ ሳለች አተኮሳት። ራሴን አለች፣ በረዳት፣ ከንፈሯ ደረቀ። አሠሪዋ ጠራችኝ። በሩን ለማን እንደተውኩ እንኳ አላውቅም፤ ተሸክሜ ረክሻ ውስጥ አስገባኋት። ክሊኒኩ ጣቷን ወግቶ ደም ወሰደና ጠብቁ አለን። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያን ሁሉ ያወቅሁትን ነገር ፈለግሁት። አትክልቱን፣ በሩን፣ ሁሉንም። አሁንም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ዓይኔ ውጤቱ ከሚመጣበት በር አልተነሣም። እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፣ እሷን ተውልኝ ብዬ።

ወባ አይደለም። ፀሐይ መትቷት ነው አሉ። ውሃ ትጠጣ፣ ትተኛ።

ከዚህ በፊት ሞትን ፈርቼው አላውቅም ነበር። ለዚህ ነበር እንደዚያ አፌን ሞልቼ ሳወራ የከረምኩት። የሚወሰድብኝ ምን ነበረኝ? አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሬዲዮ። ሃፍላው ውስጥ የጠየቀችኝን ትናንት ነው የሰማሁት።

ዛሬ ጠዋት ትኩሳቷ ለቀቃት። ሾርባ ሳጠጣት ነገርኳት። "ትናንት ፈራሁ" አልኳት። "ከምነግርሽ በላይ።"

ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ደክሟታል፣ ግን ዓይኗ እየሳቀ ነበር።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለችኝ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው።